ኪቦርድ በበሬ ተራ

አዲስ ዕቃ ዋጋ አለው፤ ያገለገለ ዕቃ ግን ያለው ወሬ ብቻ ነው። ሱቅ ገብታችሁ አዲስ ድስት ብትጠይቁ ባለሱቁ ዋጋውን ይነግራችኋል፣ ትከራከራላችሁ፣ ትንሽ ይቀንስላችኋል፣ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። አለቀ። ያንኑ ድስት ዓመት ካበሰላችሁበት በኋላ ልሽጠው ብላችሁ ስትነሡ ግን ጉዳዩ የሸንጎ ጉዳይ ይሆናል። ልዋጩ አገላብጦ አይቶ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ያሳያችኋል። ጎረቤታችሁ "ለኔ ብትሰጪኝ እመርቅሻለሁ" ትላለች። እናታችሁ የሰማች እንደሆነ ደግሞ ስለ ድስቱ አንድም ነገር ሳትናገር "ምን ጎደለብሽ ልጄ?" ብላ ታለቅሳለች። ድስቱ ያው ድስት ነው። የተገመታችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ሒሳብ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ትምህርት ቤት የቆየሁት ስሜን ለመጻፍና የመድኃኒት ወረቀት ለማንበብ ያህል ነው። ጭንቀት ግን ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት። ልጅ ከወለድኩ ወዲህማ ተመርቄበታለሁ፤ ልጁ ካሳለ እጨነቃለሁ፣ ካላሳለ ደግሞ ለምን ዝም አለ ብዬ እጨነቃለሁ። እንዲህ ያለች ሴት ላይ ነው እንግዲህ የአንድ ኪቦርድ ዋጋ የወደቀው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ባለቤቴ ታምራት የሆሳዕና ልጅ ነው። ሰበታ የመጣው ፋብሪካ ሊሠራ ነው፤ እኔ ደግሞ የመጣሁት ኮልፌ የቤት ኪራይ ስላባረረኝ ነው። ሰበታ እንዲህ እንዲህ ያለውን ሁሉ ሰብስባ የምታኖር ከተማ ናት። ታምራት በሥራ ቀን ፈረቃ ይገባል፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ይመታል። ኪቦርዱን ያገባው ከኔ በፊት ነው። ቤታችን ውስጥ ልብስ የተሰፋለት ዕቃ እሱ ብቻ ነበር፤ ልጃችን በረከት እንኳ እንዳይነካው ገና መዳህ ሳይጀምር ነው የተከለከለው።

ያ ዓመት "ማስተር ፕላን" የሚለው ቃል ከአስፋልት እስከ ጓዳ የገባበት ዓመት ነው። እንግሊዝኛ ያልዞረበት ሰው ሁሉ ይህቺን ሁለት ቃል ያውቅ ነበር። ለአዲስ አበባ ሰው ካርታ ነው፤ ለሰበታ ገበሬ ማሳው ነው። ድንጋይ መንገድ ላይ ይወርዳል፣ ሚኒባሶቹ ዓለም ገና ላይ ዞረው ይመለሳሉ፣ ስልኩ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ያኮርፋል። ፋብሪካው በሩን ዘግቶ ሠራተኞቹን "እስክንጠራችሁ ጠብቁ" አላቸው። መጠበቅ ደመወዝ የለውም። ታምራት ጥቂት ከጠበቀ በኋላ ድንች ሊያወጣ ወላጆቹ ዘንድ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ስልኩ ኩርፊያው ሲለቀው ደወለልኝ።

"ኪቦርዱን ሽጪው" አለኝ። "የሚበቃ ካገኘሽበት አንድ ነገር ጀምሪና እዚያው ጠብቂኝ። ካልበቃ ትራንስፖርት አድርጊውና ልጁን ይዘሽ ነይ።"

"ስንት ነው የሚበቃ?"

"አንቺ ታውቂያለሽ።"

ባል "አንቺ ታውቂያለሽ" ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያገባችሁ ታውቃላችሁ። ስንት እንደገዛው ልጠይቀው ስል መስመሩ ተቋረጠ።

አማቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ክፉ አልናገርም። ግን አንድ ጊዜ ዕቃ ጭኖ የሄደ ሰው ተመልሶ ሲመጣ አላየሁም። ፋብሪካው ቢጠራው እንኳ ታምራት ብቻውን ነው የሚመለሰው፤ እኔና ልጁ እዚያ፣ እሱ እዚህ፣ በዓል ሲመጣ ብቻ የምንተያይ ቤተሰብ ልንሆን ነው። ስለዚህ የኪቦርዱ ዋጋ ለኔ የኪቦርድ ዋጋ አልነበረም። አብረን እንኑር ወይስ አንኑር የሚለው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ ዘንድ ነው። ኪቦርዱን ከፊት ከኋላ አገላብጦ መቀነስ ጀመረ። "ሲስተር፣ ሞዴሉ አርጅቷል" ቀነሰ። "አንዷ ቁልፍ አትሠራም" ቀነሰ። "የባትሪ ድንጋይ ቤቱ ዝጓል፤ ያለ አዳፕተር አይሠራም" ቀነሰ። "በዚያ ላይ አሁን ማን ይገዛል?" ብሎ በአገሪቱ ሁኔታም ቀነሰ። አራት ሺህ ላይ ሲደርስ ልጁን አዝዬ ወጣሁ፤ ትንሽ ብቆይ ኖሮ እኔው የምከፍል ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ የሄድኩት የመዘምራኑ መሪ ዘንድ ነው። እህታችን እንባዋ መጣ። "ስንት ነፍስ የተባረከበት ዕቃ፣ በምድር ገንዘብ አይተመንም" አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። ግን አይተመንም በተባለ ዕቃ ዱቄት አይገዛም።

ያኔ ነው ኦቦ ገመቹ የገቡበት።

ኦቦ ገመቹ አከራያችን ናቸው። ታምራት የሚሠራበት ፋብሪካ የቆመው የእሳቸው የጤፍ ማሳ ላይ ነው። በካሳው ግቢያቸው ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች ሠሩ፤ አሁን ማሳቸው ላይ የሚሠሩትን ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ ያሳድራሉ። እርሻው ሲቀር እጃቸው ሥራ አልፈታ ብሎ የከብት ንግድ ጀመሩ። በሰበታ የከብት ገበያ እሳቸው ያላዩት በሬ ተሸጠ አይባልም፤ ጠፋ ነው የሚባለው። ኪቦርዱን ታቅፌ ከል መስዬ ስገባ በር ላይ አገኙኝ።

"ሃዳ በረከት፣ አካም ጅርታ?" አሉኝ፤ የበረከት እናት፣ ደህና ነሽ ማለታቸው ነው። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም ኦቦ። ይሄን ልሸጥ ነበር፣ ዋጋው ጠፋኝ።"

"ዋጋ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚጠይቅ ሰው ነው። ወደ ብርሃኑ አውጪው።"

ሣሩ ላይ ማዳበሪያ አነጠፍኩና ኪቦርዱን አስቀመጥኩት። እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ዞሩት። ቆም ብለው ከኋላ አዩት። ቁጢጥ አሉና በመዳፋቸው ጀርባውን ዳበሱት፤ በአንድ በኩል ከፍ አድርገው መዘኑት። "ከበድ ይላል። ጥሩ ነው፤ ቀላል ነገር ገበያ ላይ አይከበርም" አሉ። ከዚያ ልብሱን እንድገልጥ አዘዙኝ።

"ጥርሱን ልየው።"

ገለጥኩላቸው። ጎንበስ ብለው አዩ።

"ጥቁሮቹ ከመጀመሪያውም ጥቁር ናቸው ወይስ በሽታ ነው?"

"ከመጀመሪያውም ናቸው ኦቦ።"

"ጥሩ።" በሌባ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር አንድ በአንድ ተጫኗቸው። አንዷ ገብታ ቀረች። "ይቺስ?"

"እሷ አትናገርም።" ድምፄ ሲቀንስ ይሰማኛል።

"አንደብቃትም። እንከን የሌለው በሬ አመጣሁ የሚል ሻጭ ወይ በሬውን አያውቅም፣ ወይ ሌባ ነው። አሁን አካሄዱን አሳዪኝ።"

በረንዳው ላይ አዳፕተሩን ሰክቼ በአንድ ጣቴ ለበረከት የምዘፍንለትን ሞከርኩ። ኦቦ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ።

"አያነክስም" አሉ በመጨረሻ። "የምታነክሺው አንቺ ነሽ።"

ስቄ ሳልጨርስ ትልቁን ጥያቄ ጠየቁኝ፦ "ምን አረሰ?"

አልገባኝም። እሳቸው አስረዱኝ። በሬ ዕድሜው ብቻ አይታይም፤ ያረሰው ይጠየቃል። የማን ማሳ፣ ምን ዓይነት መሬት፣ ከማን ጋር ተጠምዶ። ያረሰ በሬ ያላረሰ አያክልም። እኔም መቁጠር ጀመርኩ፦ የእሑዱን፣ የፋብሪካ ልጆቹን ሠርግ፣ ገንዘብ ተቀብሎ የማያውቅበትን ለቅሶ፣ ያስተማራቸውን ሁለት ልጃገረዶች። እሳቸው በያንዳንዱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጨምራሉ። ያኔ ገባኝ። ጠጋኙ አዲስ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነበር ወደ ታች የሚቆጥረው፤ ኦቦ ገመቹ ደግሞ ሥራ ከጀመረበት ቀን ወደ ላይ ይቆጥራሉ። ሁለቱም አንድ ዕቃ ነው የያዙት።

"አንድ ረሳሽ" አሉኝ። "ያን ከአስፋልቱ ተኩስ ይሰማ የነበረ ቀን። ሁላችን በር ዘግተን የዋልን ቀን።"

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሣሁ።

"ልጃችን ውጪ ነበር። ሚስቴ ጫልቱ እንቅልፍ ካየች ከራርማ ነበር። ባልሽ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲመታ ዋለ። ግድግዳውን ተደግፋ እየሰማች ተኛችልኝ። ልጁም በሰላም ገባ። እሱን ጨምሪበት።"

"ስንት ልጨምር ኦቦ?"

"ገዢው ይነግርሻል። አንቺ ብቻ ዋጋ ስትጠሪ እንዳትረሺው። መሬቴን ሊገምቱ የመጡት ሰዎች ሜትር ይዘው ነበር፤ ርዝመቱን ለኩ፣ ስፋቱን ለኩ። ምን አበላህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

በገበያው ቀን ኪቦርዱን በትከሻቸው ተሸክመው የከብት ተራ ወሰዱት። "ኦቦ፣ እዚያ እኮ ከብት ነው የሚሸጠው" ብላቸው "እኔ መሸጥ የማውቀው እዚያ ነው" አሉኝ። ልጄን አዝዬ ተከተልኩ። በሰው ዓይን ልሞት ነበር። የሚያውቋቸው ነጋዴዎች ከሩቅ ይጣራሉ፦ "ኦቦ ገመቹ፣ ይሄ በሬ ቀንዱ የት ሄደ?" እሳቸው ሳይስቁ "ቀንዱን ትቶ ጥርስ ያበዛ ዘር ነው" ይላሉ። ገበያው በሁከቱ ሳቢያ ሳስቷል፤ ግን እነሆ እግዜር ሲሰጥ አንድ ወጣት ወንጌላዊ ከጎረቤት ከተማ ከተፍኪ ወይፈን እየጎተተ መጣ። ምእመናኑ አዋጥተው የገዙት ነው፤ ተሸጦ ለቤተ ክርስቲያኑ ኪቦርድ ሊገዛበት። አዲስ አበባ እንዳይሄድ ደግሞ መንገዱ ተዘግቷል።

ኦቦ ገመቹ ወዲያው ዋጋ አልነገሩትም። መጀመሪያ ወይፈኑን አሻሻጡለት። ሰባት ሺህ ተኩል ሊሰጥ የነበረውን ገዢ እጁን ይዘው ጥርሱን አስቆጥረው፣ ትከሻውን አስደብስበው፣ ዘጠኝ ሺህ አስከፈሉት። ልጁ ሲያመሰግን ኪሱን ከራሱ በላይ ያውቁት ነበር። ከዚያ ነው ማዳበሪያውን የገለጡት።

"ዐሥራ ሁለት ሺህ።"

"ኦቦ፣ ዘጠኝ እንዳለኝ እኮ አይተዋል።"

"አይቻለሁ። የሚያወጣውን ነው የነገርኩህ፤ ያለህን አልጠየቅኩህም።"

ገበያው ዳር ያለ ሻይ ቤት ገብተን ሰካነው። ወንጌላዊው በሁለት እጁ ሲመታው ሻይ የሚጠጡት ብርጭቆ አስቀመጡ። ኦቦ የማትናገረዋን ቁልፍ ራሳቸው አሳዩት፤ ያረሰውንም ሁሉ ነገሩት፣ የዚያን ቀኑን ግን ዝቅ ባለ ድምፅ በኦሮምኛ ነበር። ልጁ ዘጠኙን ሺህ እንዳለ አወጣ። እጅ ለእጅ አጋጩን፤ አለቀ። ያስጨመሩለትን ገንዘብ ራሳቸው መልሰው ተቀበሉት ብትሉ አልቃወምም። ግን እኔ ዕቃ እንዲህ ሲከበር በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። በዚያው ቅጽበት የተፍኪ መንገድ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣ። ልጁ ኪቦርዱን በጋቢ ጠቅልሎ መኪና ላይ ዘለለ፤ እኔም ልጄን ይዤ ወደ ቤት ሮጥኩ።

ዘጠኝ ሺህ በቂ ነበር። ዱቄት ገዛሁ፣ ዘይት ገዛሁ፣ ሰፊ መጥበሻ ገዛሁ። ሳንቡሳ በር ላይ እጠብስ ጀመር። እሑድ አለፈ። በማግስቱ ወንጌላዊው አቧራ ለብሶ መጥበሻዬ ፊት ቆመ።

"እህት፣ የሸጣችሁልኝ ሬሳ ነው።"

እጄ ዘይቱ ላይ ቀረ። እሱ ነገረኝ፦ ወይፈኑን ያዋጡት ሁሉ የክት ልብሳቸውን ለብሰው መጥተዋል። ጋቢውን ሲፈታ አዳፕተሩ የለም። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ወይፈናችን መቼ ነው የሚናገረው?" ብለው ጠይቀዋል። በባዶ ጉሮሮ አዘምሯቸው ነው የመጣው፤ ከመንገዱ ግማሹን በእግሩ። ገንዘቤን መልሱልኝ ሊል እንደሆነ ገባኝ። ብሩ ግን ዱቄት ሆኗል። ሳንቡሳን መልሶ ብር ማድረግ የሚቻለው ሰው ከበላው ብቻ ነው።

ድምፁን ሰምተው ኦቦ ገመቹ ወጡ።

"አዳፕተሩን ነው? እኔ ጋ ነው ያለው" አሉ፣ ጨው የት እንዳለ የሚናገር ሰው ይመስል።

ወደ ዕቃ ቤታቸው መሩን። ግድግዳው ላይ ምስማር ተደርድሯል፤ በየምስማሩ ዘመናቸውን ሙሉ የሸጧቸው በሬዎች ማሰሪያ ተንጠልጥሏል። መጨረሻው ላይ የኛ አዳፕተር ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

"ከብት ሲሸጥ ማሰሪያው ሻጩ ቤት ይቀራል" አሉት። "አብሮ ከሄደ የቤቱ በረከት ይከተለዋል። አንተ የገበሬ ልጅ አይደለህም?"

"ነኝ ኦቦ። የወይፈኑም ማሰሪያ ቤት ነው ያለው።"

"ታዲያ ገዢ የራሱን ይዞ ይመጣል። የኔ ቴሌቪዥን ገመዱ ሲበላሽበት ከሱቅ ሌላ ገዝቻለሁ።"

"የዚህ እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ነው ያለው። መንገዱን ያውቁታል። ያለሱ ደግሞ አይናገርም።"

ኦቦ ገመቹ አዳፕተሩን ከምስማሩ አወረዱት፤ ግን አልሰጡትም። በእጃቸው ያዙት።

"መሬቴ ሲሄድ ምንም አላስቀረሁም" አሉ። "ዳሩ ላይ አንዲት ዋርካ ነበረች። እሷን እንኳ ተዉልኝ አላልኩም፣ ማለት እንደሚቻልም አላወቅኩም። ከነማሰሪያው ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ ምንም ሲሸጥ አንድ ነገር ካልቀረ አይሆንልኝም።" ወደ እኔ ዞሩ። "ላንቺ ብዬ ነው፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ባልሽ ሲመጣ በረቱ ባዶ እንዳይሆንበት።"

እንባዬን እጄ ላይ በቀረው የሳንቡሳ ሽንኩርት አመካኘሁ። ወንጌላዊው መሬት መሬት ሲያይ ቆየና "ኦቦ፣ ባለቤቷ ሲመለስ ተፍኪ እየመጣ ይምታበት። እጁ ከቀረበት በረቱ ባዶ አይደለም" አለ።

ኦቦ አሰቡበት። ነገሩን እንደ በሬ ዞረው አዩት።

"ቶሌ" አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው። አዳፕተሩን ሰጡት። ልጁ ሦስት ሳንቡሳ በልቶ፣ ከፍሎ ሄደ።

ከሰዓት ስልኩ ሠራ። የሆነውን ሁሉ ለታምራት ነገርኩት። ከሱ አንደበት ምስጋና ነው የጠበቅኩት።

"ስንት ሸጥሽው አልሽኝ?"

"ዘጠኝ ሺህ።"

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"እኔ እኮ ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ በሰባት ሺህ" አለ። "ስንት ዓመት ተጠቅመንበት በትርፍ ሸጥሽው? ያውም ለቤተ ክርስቲያን? ሁለቱን ሺህ መልሺ፣ ኃጢአት ነው።"

እንግዲህ ጭንቀት ስትፈልጉ ይኸው። ሁለት ሺሁን ብመልስ መጥበሻው ብቻውን ይቀራል፤ ዕቃ ጭኜ መሄዴ ነው። ባልመልስ ደግሞ እግዜርን ምን እለዋለሁ? ስልኩን እንደያዝኩ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄድኩ። ለጊደራቸው ሣር እየሰጡ ነበር። የታምራትን ነገር ነገርኳቸው። ቀና አላሉም።

"ሲገዛው ሠርጉን አይቶ ነበር?"

"አላየም ኦቦ።"

"ለቅሶውንስ?"

"አላየም።"

"ያን ቀንስ?"

"ከዚያ በፊት ነው የገዛው።"

"እንግዲያው እሱ የገዛው ወይፈን ነው። እኛ የሸጥነው ያረሰ በሬ ነው" አሉና ሣራቸውን መስጠት ቀጠሉ።

ታምራት ይህን በስልኩ ሲሰማ ሳቀ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሁለቱን ሺህ መልሺ ማለቱን ግን አልተወም፤ "እኔ ስመጣ እንመክርበታለን" አለ። መጣ፤ ፋብሪካው ጠራቸው፣ እኔም ልጁም እዚሁ ጠበቅነው። አንዳንድ እሑድ ተፍኪ ሄዶ ይመታል። ሁለቱ ሺህ ትርፍ ነው ወይስ ዋጋ በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ ቤታችን ሁለት ነው፤ እሱ ጥቅስ ያመጣል፣ እኔ በሬ አመጣለሁ።

ክርክሩ አላለቀም። ዘይቱ ግን አልቋል።